ግድግዳው እስኪደርቅ

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግሁህ ለሲራጅ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የቆምህበትን መሰላል ያጽናልህ፣ ከክፉ አሠሪ ይሰውርህ። የእኔን ጤና ከጠየቅህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ብርድ ሲገባ ማጉረምረም ልማዱ ነው። ሱቋን አሁንም እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በርበሬና ሳሙና የሚገዛ አይጠፋም።

ስልኩ እንደምታውቀው ነው፤ አንድ ቀን ቢከፈት ወር ይዘጋል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። የሚኒባስ ሹፌሩ አስቻለው ደብዳቤዬን ባሕር ዳር ያደርስልኛል፤ እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ብርነሽ በስልኳ አንስታ ለአንተ ትልካለች፤ የአንተንም መልስ አትማ በአስቻለው ትሰድልኛለች። በልጅነቴ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኋት ፊደል ለዚህ ቀን ሆነችኝ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ። ልጄ ነስሩ ወደ አንተ እመጣለሁ ብሎ ከወጣ ክረምቱ አለፈ። ጅቡቲ ዳር ሆኖ በሰው ስልክ ደውሎ ነበር፤ «እማ፣ ባሕሩን ልንሻገር ነው፤ የመን ስገባ እደውላለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አንተ ካለህበት ከየመን በኩል የሚገባ የአገራችን ሰው አይጠፋም አሉ። የጋይንት ልጅ፣ የስማዳ ልጅ፣ የእስቴ ልጅ እያልህ ጠይቅልኝ። ረጅም ነው፣ ሲሄድ ግራ ትከሻውን ጣል ያደርጋል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል በላቸው። ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት አለኝ።

ሌላው ጉዳይ ትንሽ ነው፤ ግን ያበግነኛል። ያን የላክህለትን የግድግዳ መብሻ ድሪል ታስታውሰዋለህ? ልጄ ያን መሣሪያ ከያዘ ጀምሮ ቤቴ ወንፊት ሆነ። ለሠርጉ ሳሎኑን አሳምራለሁ ብሎ ነው። እጮኛውን ሹክሪያን ከወገዳ ሲያመጣት ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ መጋረጃው በብረት ላይ ሲሮጥ እንድታይለት። ቤቱ የጭቃ መሆኑን ረሳው። አባቱ ያቆመውን የባሕር ዛፍ ቋሚ ፍለጋ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ «እማ፣ እዚህ ጋ እንጨት አለ!» ይላል፣ ይበሳል፤ እንጨት የለም። አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ይበሳል፤ አሁንም የለም። ጭቃው ደግሞ አንዴ ከተነካ መቼ ይቆማል፤ በጣት ልክ የተጀመረው ቀዳዳ እየተናደ እንቁላል ያስገባል። «ስመለስ አስተካክለዋለሁ» ብሎኝ ሄደ። አሁን አፈሩ እየረገፈ ምንጣፌ ላይ ይወርዳል፤ ጠርጌ ዞር ሳልል ደግሞ ይወርዳል። አንተ የሰው ቤት ቀዳዳ ስትደፍን ነው የምትውለው አሉ። እስኪ ለአክስትህም ንገራት፤ በምን ይደፈናል?

መልስህን አታዘግይብኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

አክስትህ ሁሪያ


ጅዳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ፣ ለአክስቴ ለእትዬ ሁሪያ፤ ንፋስ መውጫ።

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያበርታው፤ አንደበትዎ እንደሆነ ማበርቻ አያሻውም። ደብዳቤዎን ሳነብ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ምን ያስቅሃል?» አሉኝ። «አክስቴ ናቸው፤ ልጃቸው ቤቱን ወንፊት አድርጎባቸው ነው» አልኳቸው። አሁን ሁሉም «ወንፊቱ እንዴት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ስለ ነስሩ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ የአገራችን ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ፤ በቅርቡ ከየመን የገቡም አሉ። ባሕር ተሻግሮ ወር ሁለት ወር ድምፁ የሚጠፋ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀሟቸው ስልካቸውን ነው። እኔስ ስመጣ ስንት ጊዜ ጠፍቼብዎት የለም? አይጨነቁ። ምሥራች ሲገኝ በደብዳቤ አልጽፈውም። ስልክ የሚከፈትበትን ደቂቃ ጠብቄ፣ ሌቱንም ቀኑንም ስሞክር አድሬ፣ ጆሮዎ ላይ ነው የምጮኸው።

አሁን ወደ ሙያዬ። እዚህ ሰው የተከራየውን ቤት ለቆ ሲወጣ ግድግዳው ኑሮውን ሁሉ ያወጣበታል። ቴሌቪዥኑ የት እንደነበር፣ የልጆቹ ፎቶ የት እንደተሰቀለ፣ መስተዋቱ ስንት ጊዜ ቦታ እንደቀየረ ቀዳዳው ይናገራል። እኔ ባልዲዬን ይዤ እገባና ሰው እንዳልኖረበት አደርገዋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። የእርስዎ ደግሞ ቀላል ነው። መጀመሪያ የላላውን አፈር በመጥረጊያ ያራግፉ። ጀሶ በውሃ ይለውሱ፤ ከገንፎ ቀጠን፣ ከአጥሚት ወፈር ይበል። በቢላ ጀርባ ሞልተው ከግድግዳው እኩል ይላጉት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት። አለቀ።

ቀለሙን ግን ለእኔ ይተዉልኝ! የሙሽራ ሳሎን ነጭ አይሆንም፤ ነጭ የሐኪም ቤት ነው። ፀሐይ የገባበት የሚመስል ለስለስ ያለ ቢጫ አውቃለሁ። ነስሩ እዚህ ሲደርስ አብረን እንመርጣለን፤ ሁለታችንም ስንመጣ እኔ እቀባለሁ፣ እሱ ባልዲ ይይዛል። ድሪሉን ግን ከእጁ እቀማዋለሁ፤ ቃሌ ነው።

ለሚጠይቁኝ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሲራጅ


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራጅ።

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከሰው ፊት አያሳፍርህ። እኔን ግን አንተ አሳፍረኸኛል፤ ስማ።

እንዳልኸው ጀሶውን አስገዛሁ፣ ከገንፎ ቀጠን፣ ከአጥሚት ወፈር አድርጌ ለወስሁ፣ በቢላ ጀርባ ሞላሁ። ለሁለት ቀን ያየ ሁሉ አደነቀ። በሦስተኛው ቀን ሱቅ ውዬ ስመለስ የመጀመሪያው እንደ ወተት ጥርስ ተነቅሎ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሲወጡ ደግሞ ዙሪያቸውን ያለውን ጭቃ ይዘው ነው የወጡ። እንቁላል ያስገባ የነበረው አሁን ስኒ ያስገባል።

ሰርኬን ታውቃታለህ፤ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። ገብታ አየችና ወገቧን ይዛ ሳቀች። «አይ ሁሪያ! የጭቃ ቤት በጀሶ ይታከማል እንዴ? እሱ እኮ የግንብ መድኃኒት ነው!» አለችኝ። እኔም እልኸኛ አይደለሁ፣ «የሳውዲ ሙያ ነው» አልኋት። «እንግዲያ ሳውዲ ይውሰደዋ!» አለችኝ። በዚያው የአጥሩን ነገር አነሳሁባት፤ አንድ ክንድ ወደ እኔ ገፍታለች፤ እሷ ደግሞ የገፋሽው አንቺ ነሽ ትላለች። ተኳርፈን ተለያየን። ከእሷ ጋር ካልተኳረፍሁ ሳምንቱ ሳምንት አይመስለኝም።

የነስሩ አጎት ሐጂ መሕቡብም እንደ ድሮው ናቸው። ለአንድ ኪሎ በርበሬ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሳይገዙ ይሄዳሉ፣ በማግስቱ ተመልሰው በጠራሁት ይገዛሉ። የሟች ወንድሜን ሚስት ሱቅ ሞቅ ላድርግላት ብለው እንደሆነ አውቃለሁ።

ግድግዳውን ትቼዋለሁ። ራሱ በስቶታል፣ ራሱ ይድፈነው። ሹክሪያ ባለፈው ከወገዳ ለገበያ መጥታ ገብታ ነበር፤ ቀዳዳውን እያየች ሳቋን ስትውጥ አየኋት። «ይኼን ሁሉ ለእኔ ብሎ ነው?» አለች። «ለአንቺ ብሎ ነው፤ በቤቴ ግን እኔ ነኝ የከፈልሁ» አልኋት። ደስ ብሏት ሄደች።

አንተ ስለ ልጄ የሰማኸው ምን አለ? ስልኩን ከጉያዬ አልለየውም። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ማጣፈጫ ነው።

ሁሪያ


ጅዳ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሁሪያ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ኢማንዎን ያጽናው፤ ሰብሩን ያድልዎ፤ በእዝነቱ ይሸፍንዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ግድግዳው ብዙ አሰብኩ። ሰርኬ እውነቷን ነው፤ ጭቃን የሚይዘው ጭቃ ነው። እዚህ ስቆይ የቤታችንን ግድግዳ ረሳሁት መሰለኝ። ከጓሮ ቀዩን አፈር ያስቆፍሩ፣ የጤፍ ጭድ ይጨምሩበት፣ በእግር ያስረግጡት፣ በጆንያ ሸፍነው እስኪቦካ ይተዉት። ሽታው ሲለወጥ ደርሷል ማለት ነው። ቀዳዳውን መጀመሪያ ውሃ ያጠጡት፤ ደረቅ ግድግዳ እርጥብ ጭቃ አይቀበልም። በአውራ ጣት ጠቅጥቀው ይሙሉ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አይደንግጡ። ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ሁለተኛ ይምረጉት።

አክስቴ፣ ሳሎኑን ከረመዷን በፊት ቢጨርሱት ደስ ይለኛል። በተለይ እርስዎ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት ያለውን። ሐጂ መሕቡብ ለዕቃ ባሕር ዳር ወርደው ሳሉ በስልክ ተገናኝተን ነበር፤ ሠራተኛ እልካለሁ ብለዋል። ቤት ነውና እንግዳ አይጠፋም። ሰው ሲበዛ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ አፈሩ ይረግፍበታል።

ብቻዎን አይዋሉ። ሰርኬ ብትመጣ አይኳረፏት። በርትተው ምግብ ይብሉ።

ሌላውን አላህ ያውቃል።

ልጅዎ ሲራጅ


ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራጅ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ሥራህ ብዛት አላህ ያግዝህ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። የጭቃውን ነገር አሳምረህ ጽፈኸዋል፤ ልስን ያስተማሩህ እነ አባትህ ቢያዩት ይኮሩብህ ነበር።

በቀደም ለት ስልክ ሁለት ቀን ተከፍቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ ዋለ። ከአርብ ገበያ የአባቴ ዘመዶች ደወሉልኝ፤ ከእስቴ ደወሉልኝ፤ የማላውቀው ሰው እንኳ ተሳስቶ ደወለልኝ። ሱቄን ዘግቼ ነው ስልኩን ስጠብቅ የዋልሁ። የአንተ ግን አልመጣም። ለሐጂ መሕቡብ እንደደወልህ ስለጻፍህልኝ ስልክህ እንደሚሠራ አውቄአለሁ። እንቅልፍ ይዞህ ይሆናል።

ግድግዳው ገና ነው። አትቸኩል። ሰርኬ ሳልጠይቃት ከአውድማዋ አንድ ጆንያ ጭድ አምጥታ አፈሰሰችልኝ። ጭቃውን ረግጠን ሸፈንነው፤ ብርዱ አላስቦካው አለ። በኋላ ቦካ ሲባል ደግሞ ፀሐይ መታውና ደረቀ። እንደገና መጀመራችን ነው። ሐጂ የላኩት ሠራተኛም መጥቶ ነበር፤ ሻይ አጠጥቼ መለስሁት። የቤቴን ግድግዳ የማላውቀው ሰው አይነካውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

አንድ የገረመኝን ልንገርህ። ሰርኬ የአጥሩን ነገር ተወችው። እኔ ሆን ብዬ አነሳሁባት፤ «ይሁንልሽ እናቴ፣ ያንቺ ነው» አለችኝ። ሰርኬ! ምድር ተገልብጣ ካልሆነ በቀር ያቺ ሴት አንድ ክንድ መሬት አትተውም። ሐጂ መሕቡብ ደግሞ መጥተው በርበሬ ገዙ፤ ዋጋውን ስጠራላቸው አንገታቸውን ደፍተው ከፈሉና ወጡ። ከኋላቸው ተጣርቼ «ሐጂ፣ አመመዎት?» አልኋቸው። «ደህና ነኝ፤ አንቺ በርቺ» አሉኝ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲህ ደግ የሆነው ምን ሰምቶ ነው? እኔ ከክርክርና ከኩርፊያ ሌላ ምን ጨዋታ አለኝ፤ ያንኑ ወሰዱብኝ።

ቀለሙስ? ያ ፀሐይ የገባበት የሚመስለው ቢጫ የት ደረሰ? በደብዳቤህ አላየሁትም።

ሌላም የምጠይቅህ ነበረኝ። ጻፍሁና ሰረዝሁት።

ሁሪያ


ጅዳ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ሁሪያ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዷን ሊገባ ነው። አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ፣ ዱዓዎን ይስማዎ።

ስላልደወልኩ ይቅርታ። ስልኩ ሲከፈት አውቄ ነበር። ቁጥርዎን አውጥቼ ይዤው ቁጭ ብዬ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ልበል። የእርስዎን ድምፅ ስሰማ የእኔ ድምፅ እምቢ እንዳይለኝ ፈራሁ።

አክስቴ፣ እባክዎ ግድግዳውን ይጨርሱት። ስንት ጊዜ ይለምነኛል እንዳይሉኝ። ሐጂ መሕቡብ «ጾሙ በሰላም ይውጣ» ብለዋል፤ ስለዚህ እስከ ዒድ ጊዜ አለ። ከዚያ በላይ ግን ባይቆይ። እኔ በሥራዬ ብዙ ግድግዳ ፊት ቆሜአለሁ፤ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀዳዳ ሲያይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እርስዎ ያን ግድግዳ እያዩ እንዲቀመጡ አልፈልግም። የምለምነው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የሹክሪያ ቤተሰቦች ስለ ልጃቸው የሚያስቡት ነገር ካለ አይያዙባቸው። ልጅ ናት። ጊዜዋ ነው።

ቀለሙ አይቸኩልም። ኖራ ቢቀቡት ይበቃል፤ ነጭ ይሁን።

እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ደክሞኛል። ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ከመሰላል ልወድቅ ነበር። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ የምነግረው ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው። አሳድገውኛል። ከእሱ ጋር በአንድ ሳህን አብልተውኛል። አላህ ይጠብቅዎት።

ልጅዎ ሲራጅ


ንፋስ መውጫ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራጅ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከመሰላል የሚያወርድህ ያጣህ ልጄ፣ አላህ ያሳርፍህ። ዒድ በሰላም አለፈ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እኔና አንተ አንደባበቅም።

አውቄዋለሁ። ያወቅሁትም ዛሬ አይደለም፤ በጥር ደብዳቤህ ነው። የልጄን ስም ፈለግሁበት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ስለ አፈርና ስለ ጭድ ይህን ያህል ጽፈህ ነስሩ የሚል አንዲት ቃል የለህም። ደግሞ ለሐዘንተኛ የሚመኙትን ሰብር ተመኘህልኝ። ምሥራች ቢሆን ጆሮዬ ላይ እንደምትጮህ ነግረኸኝ ነበር፤ ስልኩ ተከፍቶ ዝም አልህ። ቀለም ቀቢው ልጄ ቀለም ማንሳት ተወ። ሳሎን ለሠርግ ሲሰናዳ ቀለም ይወራል፤ ለለቅሶ ሲሰናዳ አፈሩ እንዳይረግፍ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ከመሠረተ ትምህርት በላይ አያሻም።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ደግ አደረግህ፤ አልተቀየምሁህም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ስለ ጭቃ ነበር የምጽፈው።

አሁን እኔ ያደረግሁትን ልንገርህ። ጭቃው ሳይቦካ ቀርቶ አልነበረም። ቦክቶ፣ ሽቶ፣ ደርሶ ነበር፤ ጆንያውን ገልጬ ፀሐይ ያስመታሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛም ደገምሁት። ሰርኬ አይታኛለች፤ እንዳላየች ሆና ደግማ አፈር ቆፈረች። ግድግዳው ካልተደፈነ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎቹ አይመጡም ብዬ ነው። እነሱ ካልመጡ ልጄ መንገድ ላይ ነው። ዘግይቷል እንጂ መንገድ ላይ ነው። ረመዷንን እንዲህ ብዬ ጾምሁት። ለዱዓ እጄን ስዘረጋ ግን ጭንቅ ሆነብኝ፤ መልስልኝ ልበል ወይስ ማርልኝ ልበል? ስሙን ብቻ ጠርቼ ዝም እል ነበር። አላህ የቱን እንደሆነ ያውቃል ብዬ።

በዒድ ማግስት ሹክሪያ ከወገዳ መጣች። እጇን ሂና ተቀብታለች። በዚያ ኮረኮንች ተንገላታ ለልጄ ብላ የሰፋችውን ኮፍያ ይዛልኝ መጣች። ቀዳዳው ፊት ቁጭ አለችና «እማ፣ ሲመጣ እኮ ይስቅብናል፤ እስካሁን አልደፈናችሁትም ብሎ» አለችኝ። ያን ጊዜ ሥራዬ ታየኝ። እኔ ለራሴ ቀን እየለመንሁ የእሷን ቀን ስበላ ኖሬአለሁ። ልጄስ? ሰደቃ አልወጣለትም፣ በመስጊዱ የሩቅ ሟች ሶላት አልተሰገደለትም፣ አንድ ሰው በስሙ እጁን አልዘረጋለትም። በሕይወት አለ እያልሁ ከሞቱም አስቀረሁት። እናት እንዲህ አታደርግም።

እሷን ሸኝቼ ለሰርኬ «ጭቃውን አምጪው» አልኋት። እሷ ረገጠች፣ እኔ ደፈንሁ። ስትረግጥ ታለቅስ ነበር፤ ምን ሆንሽ ስላት «ጉንፋን ነው» አለች። እኔም አላህ ይማርሽ አልኋት። እያንዳንዱን ውሃ እያጠጣሁ በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅሁ፤ የአንተን ትምህርት አላጎደልሁም። ከላይ ካለው ጀመርሁ፣ መጨረሻ ወደ መስኮቱ ጥግ ደረስሁ። እዚያች ጥግ ላይ ጣቴን ስከት ጠንካራ ነገር ነካኝ። እንጨት ነው። ልጄ አባቱ ያቆመውን ቋሚ አግኝቶት ነበር፤ ድሪሉ ገብቶበታል። በመጨረሻ የበሳት እሷን ይመስለኛል። ሳይሰቅልባት ሄደ። ጣቴን ከእንጨቱ ላይ ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ እሷንም ደፈንኋት። ሲደርቅ ተሰነጠቀ፤ እንዳልኸው አልደነገጥሁም፣ ሁለተኛ መረግሁት። ኖራ ቀባነው። ነጭ ሆኗል።

አሁን የምልህን ስማ። ለሐጂ መሕቡብ መልእክት ላክላቸው። ባሕር ዳር ሲወርዱ ሁሉንም ንገራቸው፤ የት እንደሞተ፣ ምን እንዳገኘው፣ ውሃ ጠምቶት እንደሆነ፣ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደቀበረው፣ ከጎኑ ስሙን የሚያውቅ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም። አንዱንም እንዳያስቀሩብኝ። «ትንሽ አሞት ነበር» ብለውም እንዳይጀምሩልኝ፤ ያን የሽማግሌ መንገድ አውቀዋለሁ፤ በጥር ጨርሼዋለሁ። ማለዳ ይምጡ፣ ሱቅ ሳልከፍት። ለሹክሪያም በዚያው ማለዳ ሰው ይሂድላት፤ ከገበያ ሰው እንዳትሰማ። እኔ እስካሁን አላለቀስሁም፤ ያልተነገረው ሰው አያለቅስም። እነሱ ሲያንኳኩ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ በሩን እከፍታለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ እናት እሆናለሁ።

አንተ ደግሞ ያን ቀን ሥራ እንዳትወጣ። መሰላል ላይ እንዳትቆም። ለአንተም የሚነግርህ ሰው አልነበረም፤ ብቻህን ነው የሰማኸው። አብረውህ ያሉትን ልጆች ሰብስበህ ተቀመጥና አልቅስ። ወንድምህ ነው።

ምንጣፉን አራግፌ ሰሌኑን ዘርግቻለሁ። ግድግዳው ደርቋል፤ ይምጡ።

አክስትህ ሁሪያ